ከራስጌ የምትቀመጠው

«አንቺስ ወልደሻል?»

ሕሊና እጇን በሩ ላይ እንዳደረገች ቆመች። ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት አማት፣ እማማ አልጣሽ፣ የጤና ኬላው ደፍ ላይ ተቀምጠው መግቢያውን ዘግተዋል።

«ነርስ ነኝ፣ እማማ። ከቡሬ ነው የመጣሁት።»

«እሱን መች ጠየቅሁሽ?»

«አልወለድሁም።»

«እንግዲያማ ከእኔው ጋር አረፍ በይ። ያልወለደች ወላድ ዘንድ አትገባም።»

ተቀመጠች። የመጣችው ከሁለቱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አንዷን መርጣ፣ ሠራተኛ ወዳጣው ጎረቤት ቀበሌ ለማዛወር ነው። ሥልጠናቸው አንድ ነው። ሀብትነሽ የልጆች እናት ናት፤ የቀበሌው አራስ ሁሉ ስሟን ያነሣል። ፋና አላገባችም፤ ስሟን የሚያነሣ የለም። ሕሊና ገና መንገድ ላይ ሳለች ፋና እንድትሄድ ወስናለች።

«ፋናስ ወልዳ ነው የገባችው?»

«ያችማ ውኃ ታቀብላለች።»

መልሱ አላረካትም። ተነሥታ ጭቃውን እየረገጠች ዞረችና በመስኮቱ አየች።

ሀብትነሽ ከራስጌ ተቀምጣ የወላዷን ፊት በሁለት እጇ ይዛለች። «እኔን እዪኝ! አለሁልሽ! ግፊ!» ትላለች ጮክ ብላ። የሕፃኑን ራስ የተቀበሉት እጆች ግን የፋና ነበሩ። ፋና ቃል አትናገርም፤ በዓይኗ ስትጠቅስ ሀብትነሽ ትጮኻለች።

ሕፃኑ አለቀሰ። እልልታው ቀለጠ። «የሀብትነሽን እጅ ይባርክ!» አሉ እማማ አልጣሽ።

ፋና ጓሮ ወጥታ እጇን ስትታጠብ ሕሊና ቀረበቻት። «ለምን አትነግሪያቸውም?»

«ብነግራቸው ማን ይመጣል? ሀብትነሽ ደም ስታይ እጇ ይንቀጠቀጣል። እኔ ብቻዬን ብሆን ደግሞ» አለች ፋና ፈገግ ብላ፣ «እንደ እርስዎ ደፍ ላይ እቀራለሁ፣ ሲስተር።»

የሕሊና ስልክ ጮኸ። የወረዳው ኃላፊ ነበር። «በይ፣ የትኛዋ ትሂድ?»

«ሁለቱ አንድ ሠራተኛ ናቸው። አይለያዩም።»

«እንዲህ ያለ የሥራ መደብ የለም።»

«አሁን አይቼው ነው የምነግርዎ።»

«እዚያኛው ቀበሌም እኮ ሴቶች ይወልዳሉ፣ ሕሊና።»

ሕሊና ወደ ፋና ዞረች። የኃላፊው ድምፅ ከስልኩ አልፎ ይሰማል፤ ፋና እጇን ሳታደርቅ ታዳምጥ ነበር።

«ሲስተር» አለች ቀስ ብላ፣ «እዚያ ከራስጌ ተቀምጣ የምትጮኽልኝ ሴት ትገኝ ይሆን?»