መጀመሪያ ግለጡ

ሲስተር ቆንጥር ይሏታል፤ በፊቷ ግን ማን ወንድ ነው እንዲህ ብሎ የሚጠራት! በፊቷ «ሲስተር» ብቻ ናት። በአዋላጅነት ፀጉሯን ያሸበተች፣ አሁን ደግሞ አደጋ ወደ ደረሰበት የሚላኩ የእርዳታ ሠራተኞችን የምታሠለጥን ሴት ናት። ሰው ቀዬው ታምሶ ሜዳ ላይ ሲሰፍር ዱቄቱም ድንኳኑም ውሎ አድሮ ይደርሳል፤ ምጥ ግን ድንኳን እስኪተከል አይጠብቅም። የምታስተምረው ይህንኑ ነው።

ሥልጠናው ዴስኮቹ ወደ ግድግዳ በተገፉበት የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነበር። ከሠልጣኞቹ መካከል ነርሶች አሉ፣ ሾፌር አለ፣ ከበሩ አጠገብ የማይጠፋ አንድ የመጋዘን ኃላፊም አለ።

«ሲስተር፣ እኔ እኮ ዱቄት ነው የማድለው። የወሊድ ነገር ምን ያገባኛል?» አለ ሰውየው በመጀመሪያው ቀን።

«እናትየዋ ከሞተች ዱቄቱን ማን ሊያቦካልህ ነው? ና፣ ወደፊት ቅረብ!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሰውየውም እየተቅለሰለሰ ወደፊት ቀረበ።

ከፊት ወንበር የእህቷ ልጅ ተቀምጣለች። ሚጡ ነው የምትላት፤ ነርስነት ተምራ ተመርቃ እንኳ ከሚጡነት አልወጣችም። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት እሷው ናት። ይህን ሥልጠና ያለፈ በማግሥቱ ተፈናቃዮቹ ወደ ሰፈሩበት ይሄዳል፤ የወደቀ ይቀራል። ሚጡ ደግሞ ለመሄድ ቆርጣለች። አክስትየው «የእህቴ ልጅ ናት ብዬ አላሳልፍም፤ እዚያ የምትደማውም የሰው ልጅ ናት» ብላ ለአለቃዋ አስቀድማ ተናግራለች። ሆዷ ግን እንድታልፍላት ይለምን ነበር።

ሲስተር ትምህርቷን የምትጀምረው ሁልጊዜ በአንድ ታሪክ ነው።

«አንዲት እናት ነበረች» ትላለች። «ከቀዬዋ ሸሽታ የእህል መጋዘን ውስጥ ወለደች። ልጁ በሰላም ወጣ፤ እልል ተባለ። ትንሽ ቆይታ በረደኝ አለች። ታዲያ ምን አደረጉላት? አለበሷት! ብርድ ልብስ በብርድ ልብስ ላይ ደራርበው ጠቀለሏት። ከሥር ደሙ ይወርዳል፣ እነሱ ከላይ ያለብሳሉ። አንድ ሰው እንኳ ገልጦ አላየም! ያለበሳት እጅ ይሰበር!» ይህን ብላ ጠረጴዛውን በመዳፏ ትመታለች። «ብርድ ልብስ ደም አያቆምም። መጀመሪያ ግለጡ፣ ኋላ አልብሱ!»

እናትየዋ የራሷ እህት፣ የሚጡ እናት መሆኗን ለማንም ተናግራ አታውቅም። መንገድ ተዘግቶባት የደረሰችው ከቀብር በኋላ ነበር፤ ጨቅላውም እናቱን ተከትሏል። ጎረቤት ያወራላትን ሰምታ፣ ማን እንዳለበሳት እንኳ ሳትጠይቅ፣ ያንን የማታውቀውን ሰው ስትረግም ይኸው ዓመታት አለፉ። ልጆቹን ወደ ሌላ ክፍል ወስደናቸው ነበር ስላሏት፣ ሚጡ ምንም ያየች አልመሰላትም። ቤት ውስጥም ነገሩ ተነሥቶ አያውቅም፤ ቁስል መነካካት ምን ይጠቅማል ብላ። በዚህኛው ሥልጠና ሚጡን ፊት ለፊት ስታያት ታሪኩን ልዝለለው ይሆን ብላ ነበር። ሠልጣኝ ጭንቅላት ውስጥ የሚቀረው ግን እሱ ነው። ወደ መስኮቱ እያየች ተረከችው። እርግማኑንም አልተወችም።

በመጨረሻው ቀን የተግባር ፈተና ነበር። ሲስተር ሰው ሠራሹን ሆድ ወገቧ ላይ ታጥቃ ጠረጴዛ ላይ ትጋደማለች። ውስጡ ቀይ ውሃ የተሞላ ከረጢት አለ፤ ቧንቧውን የምትከፍተውም የምትዘጋውም እሷ ናት። ሠልጣኙ የሚገባውን ካደረገ ትዘጋለታለች፤ ካላደረገ ትለቅበታለች። ላይዋ ላይ አንሶላ ጣል ይደረግና ወላድ ትሆናለች። የመጋዘን ኃላፊው እንኳ ገልጦ አይቶ፣ «ኧረ ደም! ኧረ የሰው ያለህ!» ብሎ ጮኾ አልፏል።

የሚጡ ተራ ደረሰ። እጇን ታጠበች፣ ጓንቷን አጠለቀች፣ «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ» አለች። እስከዚህ ሁሉም ልክ ነበር። ሲስተር ቧንቧውን ከፈተችና ዓይኗን ጨፈነች። ለሌላው ሠልጣኝ የምትለው «በረደኝ» ብቻ ነበር፤ ለሚጡ ግን አንድ ቃል ከአፏ አመለጣት።

«ልጄ፣ በረደኝ።»

ድሮም የሷና የእህቷ ድምፅ አይለይም ነበር።

አንድ ለስላሳ ነገር ደረቷ ላይ አረፈ። ዓይኗን ስትገልጥ ሚጡ ሹራቧን አውልቃ እያለበሰቻት ነው፤ ጠርዙን ከትከሻዋ ሥር ትጠቀጥቃለች፣ እግሯን ትሸፍናለች። ቀዩ ውሃ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። አንዱ ከኋላ ሳቀ።

ሲስተር ተፈናጥራ ተቀመጠች። «ምን እያደረግሽ ነው አንቺ! ስንቴ ልናገር! ብርድ ልብስ ደም...»

«አንዱ የኛ ነበር» አለች ሚጡ፤ ዓይኗ ሹራቡ ላይ ተተክሏል። «ሌላውን ከሰው ለምኜ ነው ያመጣሁት።»

«የቱን ነው የምት...» ሲስተር አልጨረሰችውም።

«ወደ ሌላው ክፍል ወስደውን ነበር። እማዬን ብዬ ተመልሼ መጣሁ። ሴቶቹ እርዳታ ፍለጋ ወጥተው ብቻዋን ነበረች። ልጄ በረደኝ አለችኝ። አለበስኳት። እሰይ የኔ ልጅ ብላ መረቀችኝ፣ አክስቴ። እግሯ አልሞቅ ሲለኝ አቅፌው ተኛሁ።»

የመጋዘን ኃላፊው ብድግ ብሎ ሰዉን በዓይኑ እየጠቀሰ አስወጣና በሩን ከውጭ ገጠም አደረገው።

ሲስተር በየክፍሉ፣ በስንቱ ሰው ፊት ስትረግመው የኖረችው እጅ፣ ራሷን ሲያማት ግንባሯን የሚዳስሳት እጅ ነበር። ያን ጊዜ ደግሞ የሕፃን እጅ ነበር። ምነው ምላሴን በቆረጠው አለች በሆዷ።

ልቧ እቅፍ አድርጊያት፣ ፈተናው ገደል ይግባ አላት። ነገ በሚጡ እጅ የምትወልደውስ እናት? ሹራቡን ወደ ጎን አድርጋ፣ አንሶላውን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ ተጋደመች።

«እንደገና» አለች። «ልጄ፣ በረደኝ።»

ሚጡ እንባዋ እየወረደ አንሶላውን ገለጠች። ደሙን አየች። «ሰው ጥሩልኝ! የደም ማቆሚያ መርፌ አምጡ!» ብላ ለባዶው ክፍል ጮኸች። የላላውን ማህፀን በእጇ ፈልጋ አገኘችና ጠንክሮ ደሙ እንዲቆም በኃይል ታሸው ጀመር። ሲስተር በደንብ እስኪታሽ ጠበቀች፤ ለእህቷ ልጅ ብላ አልቸኮለችም። ከዚያ ቧንቧውን ዘጋችው።

ሚጡ ግን ማሸቷን አልተወችም።

«ቆሟል፣ ልጄ።»

«ቆመ?»

«ቆመ። አልፈሻል።»

ሚጡ እጆቿን አንሥታ የቀላውን ጓንት አየችው። «ማድረግ የነበረብኝ ይህችው ናት?» አለች። «ይህችን ታህል ነበረች እንዴ፣ አክስቴ?»

ሲስተር ልጅ ነበርሽ ልትላት ትችል ነበር። መርፌ አልነበረም፣ ምናልባት ብታሺውም አትተርፍም ነበር ልትላትም ትችል ነበር። «ምናልባት» ግን ነርስ ለሆነች ልጅ ምን ማጽናኛ ይሆናል? ጓንቶቹን አውልቃላት እጆቿን አገላብጣ ሳመቻቸው። «እኔን ይስበረኝ» አለች እያለቀሰች፣ «እኔን ይስበረኝ፣ ልጄን!»

ሚጡ አክስቷ ያልገባት ነገር ያለ ይመስል፣ ቀስ ብላ ልታስረዳት ሞከረች።

«በርዷት ነበር እኮ፣ አክስቴ» አለች። «በጣም በርዷት ነበር።»