ጣውንቴ ሚንዴሎ

ሌላዋ በሴት ትቀናለች፤ እኔ አሰፋሽ ግን ሠላሳ ዓመት የቀናሁት በከተማ ነው።

ባሌ ሰርፀ በወጣትነቱ መርከበኛ ነበር። መርከባቸው ተበላሽታ ሚንዴሎ በምትባል፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ባለች የኬፕ ቨርዴ ደሴት ወደብ ቆመች። ሦስት ቀን፣ በቃ! እዚህ ፈረንጅ አገር ማሪዬታ ሰፈር ሰርግ ብንጠራ፣ ብሩክሄቨን ሰፈር ክርስትና ብንጠራ፣ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው። ወደቧ የጥንት እሳተ ገሞራ አፍ መሆኑን፣ እንግሊዞች ከሰል እያመጡ እንደቆለሉባት፣ የእንፋሎት መርከቦች እሷ ጋ ቆመው ከሰል ሳይጭኑ እንደማያልፉ፣ ናፍጣ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ጥለዋት እንደሄዱ ይተርካል። "የሚጠጣ ውኃ እንኳ ከጎረቤት ደሴት በጀልባ ነበር የሚመጣላት፤ ግን ሲዘፍኑ ብታዩ!" ይልና ዓይኑ እንባ ያቀርራል። የእኔ ነገር ሲነሳ "አሰፋሽ ጎበዝ ናት" ብሎ ያልፋል።

ከተማ ብቻውን ሰውን እንዲህ አያደርግም፤ ሴት አለች አልኩ። ችዬው ኖርኩ። ዘንድሮ ግን ልጃችንን ሚካኤላን ለጋብቻ በዓላችን ቲኬት እንድትቆርጥልን ለመንኳት። ሄጄ ላያት ነው።

"ዳዲ፣ ሰርፕራይዝ! ሚንዴሎ! ቡክ አድርጌዋለሁ!" ስትለው፣ ሰርፀ የያዘውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ።

"ካንስል አድርጊው።"

"ምነው? እንዳላገኛት ፈራህ?" አልኩት።

"ከመርከብ አልወረድኩም" አለ። "የደርግ ጊዜ አይደል፣ እንዳንኮበልል ብለው ከለከሉን። ሦስቱንም ቀን በሩቅ ማሳያ መነጽር ነው ያየኋት። የከተማዋን ታሪክ ውኃ ሊያቀብለን የመጣ ሽማግሌ ነው የነገረኝ።"

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል። እፎይ ብዬ ልስቅ ስል ቀጠለ።

"አንዲት ሴት ነበረች። ጠዋት ጠዋት ሰማያዊ በረንዳ ላይ ልብስ ታሰጣለች። አንሶላውን ስታራግፈው... እንዴት ልንገርሽ፣ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።"

ስሟን አያውቅም። እሷም አላየችውም። አብሯት አድሮ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ከበረንዳችን ምሰሶ እስከ ጓሮው ዛፍ ገመድ ወጠርኩ። እዚህ እኛ ሰፈር፣ አቮንዴል እስቴትስ፣ ሁሉም በድራየር፣ በልብስ ማድረቂያ ማሽን ስለሚያደርቅ ልብስ ውጭ የሚያሰጣ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ጎረቤት የፈለገውን ይበል። አንሶላዎቹን አጥቤ አንድ በአንድ እያራገፍኩ አሰጣሁ። የበሩን ድምፅ ስሰማ ሳልዞር ሌላ አንሶላ አነሳሁና ቀስ ብዬ አራገፍኩት።

"አሰፋሽ" አለኝ ሰርፀ ከኋላዬ፣ "ድራየሩ ተበላሸ እንዴ?"