በዓይን የተገመተ ዕድሜ

ዶክተር አምሃ ወደ ዲላ ከተማ የመጡት የአእምሮ ሕመም ሰውን ያለዕድሜው ያስረጃል ወይ የሚለውን ለማጥናት ነበር። እኔን ቢጠይቁኝ በስልክ እነግራቸው ነበር፤ ጥናት ግን በስልክ አይሆንም።

መረጃ ለመሰብሰብ ነርሶች ተመለመልን። በሥልጠናው ቀን ሰው ሁለት ዕድሜ አለው አሉን፤ አንዱ መታወቂያው ላይ ያለው፣ ሌላው ደሙ የሚናገረው። እኛ መታወቂያውን አይተን እንመዘግባለን፣ ደሙ ውጭ አገር ሄዶ ይመረመራል፣ ከዚያ ልዩነቱ ይሰላል። በእኛ አገር መታወቂያ ላይ ዕድሜ እንዴት እንደሚጻፍ አዳራሹ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ሁላችንም ግን ፎርማችንን ተቀብለን ወጣን።

መጀመሪያ የተመዘገቡት ለማነጻጸሪያ የተፈለጉት ጤነኞቹ የቢሮ ሠራተኞች ናቸው። ከፊት አቶ ወልደዮሐንስ ነበሩ። እኔ ሥራ ስጀምር ሃምሳ አንድ ዓመታቸው ነበር፤ ዘንድሮም ሃምሳ አንድ ናቸው። ጡረታ ሲቀርባቸው ፋይላቸው ይታደሳል፣ እሳቸውም አብረው ይታደሳሉ። መታወቂያቸው ማኅተም ስላለው ዶክተር አምሃ በደስታ ተቀበሏቸው።

እኔ የፈለግሁት ግን ሙሉካን ማስገባት ነበር። ሙሉካ እዚያ ገጠር፣ ቡሌ፣ አንደኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ አብራኝ የተቀመጠች እኩያዬ ናት። ልጇን ከቀበረች ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አታውቅም፣ ብትበላም ባትበላም ግድ የላት። በጥናቱ ለሚገቡ ሕመምተኞች የአንድ ዓመት ሕክምናና መድኃኒት በነፃ ይሰጣል። ከዚህ ሌላ መድኃኒት የምታገኝበት መንገድ አልነበራትም።

ዶክተር አምሃ አዩዋት። “ዕድሜ?” አሉ።

“ሠላሳ ስምንት፣” አለች።

በእንግሊዝኛ ለረዳታቸው አንድ ነገር አሉና ወደ እኔ ዞሩ። “ሲስተር አልጋነሽ፣ ዕድሜዋን አታውቅም። መታወቂያ ይዛ ትምጣ። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል።”

ሐሙስ ጠዋት ቀበሌዋ ወሰድኳት። ጸሐፊው ቀና ብሎ አያት።

“እማማ፣ ዕድሜዎን ስንት ልበል?”

“ሠላሳ ስምንት።”

ሳቀ። “እማማ፣ ሰው ሁሉ እየቀነሰ ነው የሚመጣብኝ። እርስዎ ግን ቅነሳውን አበዙት።” አንድ ጊዜ ፊቷን አየና ሃምሳ ዘጠኝ ብሎ ጻፈ።

“እኩያዬ እኮ ናት፣” አልኩት።

እኔን አየ፣ እሷን አየ። “እህቴ፣ አትቀልጂብኝ። ሰልፍ አለ።”

ልከራከረው ስል ሙሉካ መታወቂያውን ተቀብላ ትንሿን ፎቶዋን ረጅም ጊዜ አየችው። “ተዪው፣ ልክ ነው የጻፈው፣” አለችኝ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ጸሐፊው ቀጣዩን ጠራ።

ዓርብ ተመዘገበች። ከእሷ ጋር የገቡት የገጠር ሴቶችም መታወቂያ ያወጡት በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ጸሐፊ ዓይን ነው።

ከአምስት ወር በኋላ ውጤቱ መጣና ትልቅ ስብሰባ ተጠራ። ባነር ተሰቀለ፣ ውኃ በላስቲክ ታደለ። ዶክተር አምሃ ሁለት ግኝት አቀረቡ። አንደኛ፣ የቢሮ ሠራተኞች ደም ከመታወቂያቸው በአማካይ ዘጠኝ ዓመት ይበልጣል፤ ምክንያቱም የሥራ ጫና ነው። አቶ ወልደዮሐንስ እጃቸውን አውጥተው ይህን ድሮም በሰውነታቸው ያውቁት እንደነበር መሰከሩና ዕረፍት እንዲጨመር ጠየቁ። ተጨበጨበላቸው።

ሁለተኛ፣ ከባድ ድብርት ባለባቸው የገጠር ሴቶች ላይ ያለዕድሜ እርጅና ጨርሶ አልታየም። የደማቸውና የመታወቂያቸው ዕድሜ እኩል ነው። ለዚህም ንጹሕ አየሩና ቆጮው አስተዋጽኦ ሳያደርጉ አይቀሩም አሉ። ለአየሩና ለቆጮውም ተጨበጨበ።

ልነሣ ነበር። የዚያ ጸሐፊ ዓይን ከውጭ አገሩ ማሽን እኩል እንደሚሠራ ልነግራቸው፤ እነዚህ ሴቶች ሃያ ሃያ ዓመት እንደተሰረቁ፣ ማስረጃውም እጃቸው ላይ እንዳለ። ነገር ግን ዕድሜዋ ስህተት ነው ካልኩ ሙሉካ ከጥናቱ ትሰረዛለች፣ መድኃኒቷም አብሮ ይቀራል። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

በሳምንቱ ሙሉካ መድኃኒቷን ልትወስድ ከቡሌ ወደ ዲላ ወረደች። ትንሽ ወፍራለች። ሌሊቱን እንደ ሰው እንደምትተኛ ነገረችኝ። ስሸኛት አንድ ባጃጅ አጠገባችን ቆመና ሾፌሩ፣ “እህቴ፣ ወደ መናኸሪያ ነሽ?” አላት። ማንን እንደሚጠራ ለማየት ወደ ኋላዋ ዞረች። እሷን መሆኑ ሲገባት ሳቀች፤ ያንን ሳቅ አንደኛ ክፍል ነው የማውቀው።

ከዚያ መታወቂያውን ከቀሚሷ ኪስ አወጣች። “አሁንማ ሄጄ ላስተካክለው?”

መንገዱን ግራ ቀኝ አየሁ። አቶ ወልደዮሐንስ ማዶ ቆመው ጋዜጣ ያነባሉ፤ ገና ሃምሳ አንድ ናቸው።

“ደብቂው፣” አልኳት። “መድኃኒቱ እስኪያልቅ አሮጊት ሁኚ።”