ኮቴ የሌላት መኪና

አሮጌዋ መኪና ትቀየር ብዬ ባሌን የነዘነዝኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ አሁን የምወቅሰው ሰው ፈልጌ አጥቻለሁ።

አሮጌዋ በናፍጣ የምትሄድ ነበረች። ጠዋት ስትነሳ የጓዳው መስኮት ይንቀጠቀጣል፤ ጭሷ ግቢውን ሞልቶ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ላይ ያርፋል። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ የማስረክብ ሴት ነኝ፤ ነጭ ሸሚዝ አጥቤ አስጥቼ ጥላሸት ሲለብስብኝ ደሜ ይፈላል። ፊት ለፊታችን የሚኖሩት ጡረተኛ አስተማሪ ደግሞ ባገኙኝ ቁጥር «የኔ ልጅ፣ ያቺን መኪና ጡረታ የምታስወጧት መቼ ነው? እኔ እንኳ ወጣሁ እኮ» ይሉኛል። እዚያው ስቄ አልፍና ቤት ስገባ ንዴቴን ባሌ ላይ እወጣዋለሁ። «ሰው ሁሉ ኤሌክትሪክ መኪና ሲገዛ አንተ ይሄን ቆርቆሮ ይዘህ ሠፈር ትቀሰቅሳለህ» እለዋለሁ። እሱ መልስ አይሰጥም፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ባይ ነው። ዝም ሲል ግን እያጠራቀመ ኖሯል።

ባሌ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነው። ቀኑን ሙሉ ጨርቅ መብራት ላይ ዘርግቶ እንከን ይፈልጋል፤ የተበጠሰ ክር፣ ያልያዘ ቀለም፣ የዘይት ጠብታ። ማታ ቤት ሲመጣ ያንን ዓይኑን ፋብሪካ ትቶት አይመጣም። «ይሄ ብርጭቆ ጠርዙ ተሸርፏል።» «የዚህች ልጅ ጫማ በአንድ በኩል አልቋል፣ አረማመዷን አስተካክይላት።» «ጓዳ መብራት ያበራው ማነው?» ክፉ ሰው አይደለም። እጁን አንስቶብን አያውቅም፤ ከደመወዙ ለራሱ የሚያስቀራት ነገር የለችም። ግን ያየውን እንከን ሳይናገር ማለፍ አይችልም። መልካሙን ነገር ደግሞ እንከን ስለሌለው አያየውም።

ስለዚህ እኛ ሁለት ቤት ነበረን፤ አንዱ እሱ ሲኖር፣ አንዱ እሱ ሳይኖር። እሱ ሳይኖር ትልቋ ልጄ እግሯን ሶፋ ላይ ትሰቅላለች፣ ትንሿ ቁርጥራጭ ጨርቄን ምንጣፉ ላይ በትና አሻንጉሊት ታለብሳለች፣ እኔም ስፌቴን አቁሜ ሻይ ይዤ ከእነሱ ጋር ሐሜት እገጥማለሁ። የአሮጌዋ መኪና ድምፅ ከመታጠፊያው ሲሰማ፣ ማንም ማንንም ሳያዝ፣ እግር ከሶፋ ይወርዳል፣ ጨርቅ ይለቀማል፣ ቴሌቪዥን ይጠፋል፣ ደብተር ይገለጣል። እሱ በሩን ሲከፍት ቤቱ እንደ ፈተና ክፍል ጸጥ ብሎ ይቀበለዋል። ያቺ የረገምኳት መኪና ለካ የእኛ ደወል ነበረች። ይሄን ያወቅኩት ከተሸጠች በኋላ ነው።

አዲሷ የመጣች ቀን መምጣቷን የነገሩን ጡረተኛው ናቸው። በራችንን አንኳኩተው «ባልሽ ግቢ ውስጥ አዲስ መኪና ይዞራል፤ ሰው የለም እንዴ እዚህ ቤት?» አሉኝ። ወጥተን ብናይ እውነት ነው። ነጭ፣ አንጸባራቂ፣ ዝም ያለች መኪና ቆማለች፤ እሱ ደግሞ አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ ይሆናል። እንደ ልማዱ ኮፈኗን ከፍቶ የዘይት መጥረጊያ ጨርቁን አወጣ። የሚያየው ዘይት የለም። ጨርቁን አጥፎ መልሶ ኪሱ ከተተው። ያን ቀን ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ ስንጋባም አላየሁትም፤ ቅናት ቢጤ ተሰማኝ ብል ውሸት አይደለም።

ደስታው ግን ከነሕጉ መጣ። የመቀመጫዎቹ ፕላስቲክ አይነሳም። ውስጧ አይበላም፣ አይጠጣም። የቻርጅ ገመዷ በጓዳው መስኮት ወጥቶ ሲሰካ ካውያ አይሰካም፤ አንዴ ረስቼ ሁለቱን ብሰካ ቤቱ ድርግም አለና ከግቢ «ማነው?» የሚል ድምፅ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያዞረን ሲወስደን ደግሞ ፕላስቲኩ ከሥራችን እየተንጫጫ፣ እሱ ስክሪኑ ላይ የባትሪውን መጠን እየተከታተለ፣ ሠፈሩን አንዴ ዞረን ተመለስን። «አባዬ መኪናውን ሳይሆን ባትሪውን ነው የሚነዳው» አለችኝ ትልቋ በጆሮዬ። አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ሳቅኩ።

ከዚያ ግን ሳቁ እየጠፋ መጣ። ባሌ ሳናስበው ቤት ውስጥ ቆሞ እናገኘዋለን። አንድ ቀን «እግር!» ሲል ትልቋ ከሶፋው ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ሌላ ቀን ትንሿ ጨርቆቿን ስትበትን ደረሰባት። ድሮ በቀን አንድ ጊዜ ይመጣ የነበረ ሰው አሁን ቀኑን ሙሉ የሚመጣ ሆነብን። ትንሿ በየመሐሉ እየተነሳች በመስኮት ታያለች። እኔም ስፌቱን እያቆምኩ ጆሮዬን እሰጣለሁ። «እማዬ፣ ይቺ መኪና እኮ ኮቴ የላትም» አለችኝ ትልቋ፤ ስትናገር አልሳቀችም።

እንዲህ ስንሳቀቅ ከርመን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተዘናጋን። አባታቸው የሚመጣበት ሰዓት ገና ነበር። እኔ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ እተክላለሁ። ትልቋ ሰው አስመስላ መናገር ተክናበታለች፤ ለአጠባ የወረደውን የአባቷን የሥራ ጋዋን ለብሳ ተነሳች። የምግብ ጠረጴዛውን አዲሷ መኪና አድርጋ ትዞረው ጀመር። ጎንበስ ብላ አየችው። አውራ ጣቷን በምራቋ አርሳ ጠርዙን ፈተገች።

«እዚህ ጋ የተነፈሰባት ማነው?» አለች በወፍራም ድምፅ።

ትንሿ ምንጣፉ ላይ ተንከባለለች።

«አትሳቂ አንቺ፤ ሳቅሽ ራሱ ባትሪ ይበላል።»

እኔ መርፌዬን መሰካት አቃተኝ። ትንሿ እንባዋን እየጠረገች «እስቲ አሁን አባዬ ሲያመሰግን አድርጊልን» አለቻት።

ትልቋ ጋዋኑን አስተካክላ እህቷ ፊት ቆመች። ከላይ እስከ ታች አየቻት። አፏን ከፈተች። ጉሮሮዋ ወጣ ገባ አለ፣ አገጯ ተንቀሳቀሰ፣ ቃል ግን አልወጣም። እንደዚያ ሆና ቆየችና አፏን ዘጋች፤ የእህቷን አንገትጌ አቃናችላትና ዞራ ሄደች።

በሳቅ ሞትን። ከሁለቱም በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ። «ቁርጥ አባትሽን!» አልኳት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ከዚያ መቀስ ላነሳ ዞር ስል አየሁት። ኮሪደሩ ውስጥ ቆሟል። እንደ ወትሮው ደጃፍ ላይ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞታል። ልጆቹ ጀርባቸውን ሰጥተውታል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ያን ቀን የባሌ ጆሮ ሁሉንም ሰማ። ፊቱ ላይ ቁጣ ብጠብቅ ቁጣ የለም። ቤት ተሳስቶ የሰው ቤት እንደገባ ሰው ነበር ያፈረው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዓይን ለዓይን ተያየን፤ እሱ ቀስ ብሎ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ዝም በይ፣ አይወቁ፣ ማለቱ ነው።

ያን ጊዜ «ና ግባ፣ አንተኑ ነው የምናማው» ብለው ምን ነበረበት? ልጆቹ ይደነግጡ ነበር። ምናልባት ያለቅሱ ነበር። ምናልባት እሱም ይስቅ ነበር፤ ሳቅ እኮ አያውቅም አይባልም፣ እኔን ሲያጭ ሳቂታ ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምትፈለገው፤ እሷን አልተናገርኳትም። መቀሴን አነሳሁ። እሱም በካልሲው ወደ ኋላ እየተራመደ ወጣ።

ጥቂት ቆይቶ ከመታጠፊያው ክላክስ ተሰማ። ሁለት ጊዜ፣ ረዘም አድርጎ።

«መጣ!» አለች ትልቋ፤ ጋዋኑን አውልቃ የሚታጠበው ልብስ ውስጥ ወረወረችው። ጨርቅ ተለቀመ፣ ደብተር ተገለጠ። እሱ ገባ። «ደህና ዋላችሁ» አለ። ብርጭቆም፣ ጫማም፣ መብራትም አላየም። ልጆቹ እንኳ ገርሟቸው ተያዩ።

በማግስቱ የተጠናቀቁትን ዩኒፎርሞች ሱቅ ላደርስ አብሬው መኪናዋ ውስጥ ገባሁ። ስቀመጥ ምንም ድምፅ አልሰማሁም። በእጄ ብዳብስ መቀመጫው ጨርቅ ነው፤ ፕላስቲኩ የለም። ዞሬ የኋላውን አየሁ፤ እዚያም ተነስቷል።

«መቼ አነሳኸው?» አልኩት።

«ትናንት። ማሽን ቆሞ ቀደም ብለን ተለቀቅን። ልወስዳችሁ ነበር፤ ራቅ ወዳለ ቦታ። ልጆቹ ውስጧ የፈለጉትን ይብሉ ብዬ…» አለና መንገዱን አየ።

አንጀቴን በላኝ። እኔ ግን ስለ ክላክሱ አነሳሁ። «ክላክሱን ተወው። ጎረቤቱ ጭሱ ቀረልን ሲል ጥሩምባ አመጣህበት።»

«አልተወውም።»

«ለምን?»

መብራት ያዘን፤ መኪናዋ ቆመች። ስትሄድም ስትቆምም አንድ ናት፤ ድምፅ የላትም። እሱ እጁን ከመሪው ሳያነሳ ተናገረ።

«ድሮ ስገባ ጨርሳችሁ ነበር የምትጠብቁኝ። ቤቱ ሁልጊዜ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ሥራ ቦታ እንኳ ሰው ልጆቼ አስቸገሩኝ ሲል፣ የእኔ ቤት ጨዋ ነው፣ ኮሽ አይልበትም እያልኩ አወራለሁ። በዚህች መኪና ስመጣ ግን ፊታችሁ ሲለወጥ አየዋለሁ። ስትስቁ ደርሼ፣ ሳቁ ሲሞት አየዋለሁ። ክላክሱን የማደርገው ለእናንተ ብቻ አይደለም፤ እኔም እንዳላየው ነው።»

«አንተ ሰው፣ እኛ እኮ…» ብዬ ጀመርኩ። እኛ ምን? አንወድህም አላልንም፤ እንወድሃለንም ብለነው አናውቅም። የጀመርኩትን ሳልጨርስ መብራቱ ተለቀቀ።

ከሱቁ ደርሰን ካርቶኑን ካወረደልኝ በኋላ መልሶ መኪናዋ ውስጥ አልገባም። በሩን ይዞ ቆመ።

«ያቺ የትልቋ የመጨረሻዋ ጨዋታ» አለኝ፤ «አፏን ከፍታ የዘጋችባት።»

«ልጅነት ነው፣ አትቀየማት።»

«አልተቀየምኳትም። ጎበዝ ናት። አንገትጌውን ያቃናችበት፣ ዓይኗን የሰበረችበት… ቆሜ ሳያት እንከን ፈለግኩበት። አንድም አጣሁ።»

በትዳር ዘመኔ ሁሉ ከዚህ ሰው አፍ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ትልቋ ይህችን አንዲት ቃል ስትጠብቅ ነው ያደገችው። ሥዕል ሥላ፣ ፈተና አልፋ፣ ሸሚዝ ተኩሳ አምጥታ ፊቱ ቆማ ጠብቃለች። አሁን ደግሞ ትምህርቱ ሲያልቅ ሌላ ከተማ ኮሌጅ ልትገባ ነው።

«ንገራታ» አልኩት። «በእናትህ ንገራት፤ ምን እንደምትሆን አታውቅም።»

«ምን ብዬ?» አለኝ። «እኔ እኮ አላየሁም።»

እኔ ልንገራት ብል አባትሽ አየሽ ማለት ነው። አየሽ ካልኳት ዓይኗን ከመሬት አታነሳም፤ ቤት ውስጥ ሁለተኛ አትቀልድም። ዝም ካልኩ ደግሞ የአባቷን ቃል ሳትሰማ ትሄዳለች። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ የምትፈለገው ቃል ያን ቀን ኮሪደር ላይ ነበረች፣ እኔ ዋጥኳት። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤዋለሁ፤ ሆዴ ግን አልፈጀውም።

ባሌ አሁን በየቀኑ ከመታጠፊያው ሁለቴ ክላክስ ያደርጋል። ልጆቹ «አባዬ ክላክሱን ወደደው» ብለው ይስቃሉ፤ ትልቋ እሱንም ቀድታዋለች፣ ከንፈሯን አሞጥሙጣ ታሰማናለች። ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ የሳቅኩ እመስላለሁ። እሱ ደግሞ ከመታጠፊያው ወዲያ ቶሎ አይመጣም። አንዴ ከጡረተኛው ቤት ስመለስ አይቼዋለሁ፤ ክላክሱን አድርጎ፣ መኪናዋን ጥግ አስይዞ፣ እጁን ጭኑ ላይ አጣጥፎ ይቀመጣል። እስክንጨርስ ይጠብቀናል።

ትናንትም ክላክሱ ተሰማ። እግር ወረደ፣ ጨርቅ ተለቀመ፣ ቴሌቪዥኑ ጠፋ። እኔ ሻዬን እንደያዝኩ ሶፋው ላይ ቀረሁ። ዛሬስ አልነሳም፣ እንዲህ ሆኜ ያግኘኝ ብዬ ነው። ትልቋ ደብተሯን እየገለጠች በመገረም አየችኝ።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል? ተነሺ እንጂ፣ መጣ እኮ» አለችኝ።

ተነሳሁ።