አሥራ አራት ፍሬ ኪኒን

ባሌ አካለ ወልድ ግትር ነው። እኔም ግትር ነኝ፤ ልዩነታችን እኔ ስጮህ እሱ ዝም ማለቱ ነው። ፈረንጆቹ ሚስዮናውያን በጣሊያን ትእዛዝ ሐኪም ቤታቸውን ዘግተው ሲባረሩ፣ እዚያ ቁስል ሲያጥብና መርፌ ሲወጋ የኖረው እሱ፣ ፈረንጅ ሄደ ተብሎ የጌታ ሥራ አይታጠፍም አለና አንድ ቆርቆሮ የወባ ኪኒንና መጽሐፍ ቅዱሱን ታቅፎ ቀረ። እኔ ጤናዬ የዚያው ሐኪም ቤት መድኃኒት አቀባይ ነበርኩ። እሱ ያዛል፣ እኔ ለበሽተኛው አጎርሳለሁ፤ በዚሁ ተግባብተን ተጋባን።

በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ፣ ዐባይ ዳር ንዳድ የሚሉት ወባ ገባ የሚል ወሬ ደብረ ማርቆስ ደረሰ። ንዳድ ለቆላው ሰው የየዓመቱ እንግዳ ነው። ያን ዓመት ግን ከጣሊያን ጋር የሚዋጉ አርበኞች ከደጋ ወርደው ወንዙ ዳር ባሉት መንደሮች ሰፍረው ነበር፤ ቆላ የማያውቅ የደጋ ሰው ደግሞ ንዳድን አይችለውም። አካለ ወልድ በይጁቤ በኩል እንውረድ አለ። የጣሊያን ሶላቶ ቢይዘን ገበያ መሐል ይሰቅለናል ብዬ ጮህኩበት። ጮኼ ሲወጣልኝ ስንቁን ቋጠርኩ።

አንድ ነገር ግን ደብቄዋለሁ። በስድስት ዓመት ትዳር ሁለት ጊዜ ፀንሼ ሁለቱም ወርደውብኛል፤ ጎረቤትም ማማት ጀምሯል። አሁን ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ብነግረው ጥሎኝ ይሄዳል፤ ያ ሰው ደግሞ እኔ ከሌለሁ መብላቱንም አያስታውስ። ስለዚህ አፌን ዘጋሁ። በሕይወቴ አንዴ ዝም ብል እሱው መዘዝ ሆነብኝ።

ሁለት ቀን ሙሉ ዋናውን መንገድ ሸሽተን፣ ገደል ለገደል ወርደን፣ የመጀመሪያው መንደር እንደደረስን ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ከበቡን። አለቃቸው ባላምባራስ መንበሩ ይባላል፤ ጠጉሩ ትከሻው ላይ የወረደ፣ እንቅልፍ ካጣ የሰነበተ ሰው ነው። ዳስ ውስጥ አሥራ አራት በሽተኞች ተጋድመዋል። አንደኛው አስማማው የሚባል የገዛ ወንድሙ ነው፤ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ይቃዣል። አካለ ወልድ ተንበርክኮ ጸሎት አደረሰና ቆርቆሮውን ከፈተ። ባላምባራስ ነጥቆት አገላበጠውና ጽሕፈቱ የፈረንጅ ነው አለ። ባለፈው ክረምት ከደጀን የመጣ አንድ ነጋዴ የሸጠላቸውን ጨው የበሉ ሁለት ሰዎቹ ሞተውበታል፤ ጣሊያን መርዝ እንደላከበት ነው የሚያምነው። እናንተንስ ማን ላካችሁ ሲለን፣ ባሌ ጌታ ላከን ብሎ እርፍ! የትኛው ጌታ ተብሎ ሌላ ምርመራ ሆነ።

በመጨረሻ ባላምባራስ መድኃኒቱን የማጎርሰው እኔ መሆኔን ሲሰማ ወደ እኔ ጠቆመ።

«አቀባይዋ ትቅመስ» አለ።

ወጉን አውቀዋለሁ። በጌቶች ቤት ጠጅ የሚያሳልፍ ሰው መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይጠጣል፤ ሳይቀምስ ከሰጠ ጠጪው አይነካውም። ማንም በዚህ አይቀየምም፣ ያገር ደንብ ነው። አካለ ወልድ እሺ፣ አንዷን ትቀምሳለች ሲል ግን ባላምባራስ ራሱን ነቀነቀ። ጠጅ ከአንድ ጋን ነው የሚቀዳው፤ ይሄ ግን ፍሬው ለየብቻው ነው፤ አንዱ ደህና ሆኖ ሌላው መርዝ ቢሆንስ አለ። እውነቱን ለመናገር ሰውዬው ሞኝ አልነበረም። ለእያንዳንዱ በሽተኛ አንድ አንድ ፍሬ ልውጥ ነው፤ አሥራ አራት። እምቢ ካልኩ ደግሞ ሁለታችንም ከዚያ ወንዝ ዳር በሕይወት አንወጣም።

የመጀመሪያዋን ፍሬ መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ሐኪም ቤት ሳለሁ ፈረንጇ ሐኪም ከምንም በላይ የምታስጠነቅቀን ይሄንኑ ነበር፤ ነፍሰ ጡር ኪኒን አብዝታ ከዋጠች ፅንሱ ይወርዳል። ፍሬዋን ወደ አፌ ሳላደርስ እጄን መለስኩ። መመለሴን ሁሉም አዩት፤ ከኋላዬ አንዱ ጠመንጃውን ሲያቀባብል ሰማሁ።

«ነፍሰ ጡር ነኝ» አልኩ።

አካለ ወልድ ዞሮ አየኝ። ስድስት ዓመት የጠበቀውን የምሥራች በጠመንጃ መሐል ነገርኩት፤ ምን ዓይነት ሴት ነኝ! ፊቱ መጀመሪያ በራ፣ ወዲያው ጠቆረ። ባላምባራስ ግን ሌላ ነገር ነው የገባው። ፅንስ የሚገድለውን ነው እንዴ ለወንድሜ የምታጎርሺው አለኝ። ምን ብዬ ላስረዳው? ለበሽተኛ ሁለት ፍሬ መድኃኒት ነው፣ ለኔ አሥራ አራት ፍሬ መርዝ ነው ብዬ ብነግረው፣ መርዝ የምትለዋን ብቻ ነው የሚይዛት።

ባሌ ፍሬዋን ከመዳፌ ላይ አነሳት።

«ባላምባራስ፣ ከአሁን ጀምሮ አቀባዩ እኔ ነኝ። እሷን ይተዉልኝ» አለና ዋጣት።

አስማማው ሁለት ፍሬ ተሰጠው። ከዚያ ወደ ሁለተኛው በሽተኛ አለፍን፤ ባሌ አንድ ዋጠ፣ በሽተኛው ሁለት። ሦስተኛው፣ አራተኛው። እኔ የማየው የባሌን ጉሮሮ ብቻ ነው። ስድስተኛው ላይ ግንባሩ ላብ ችፍ አለበት። ዘጠነኛው ላይ ጆሮውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። ኪኒን ሲበዛ ጆሮ ይጮሃል፣ ሆድ ይገለበጣል። ካስታወከ ደግሞ አለቀልን፤ መርዝ ነው ብለው እዚያው ይደፉናል። አሥራ አንደኛው ላይ ከንፈሩ ነጣ፤ አፉን ገጥሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። ባላምባራስ ጠጋ ብሎ ፊቱን ያየዋል። ሚስዮኖቹ ማርያምን አትጥሪ ይሉኝ ነበር፤ ያን ለት ግን ጠራኋት። አሥራ አራተኛውን ውጦ ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ አላስታወከም።

በማግስቱ ባሌ በሕይወት መኖሩን ሲያዩ በሽተኞቹ ያለ ቀማሽ ዋጡ። እሱ ግን ዳሱ ጥግ ተኝቶ ቃል አይወጣውም፤ ደክሞት ነው አልን። በሦስተኛው ቀን አስማማው ቁጭ ብሎ ገንፎ በላ። ባላምባራስ ይቅርታ ለምኖን ለኔ በቅሎ ሰጠኝ።

ሽቅብ ስንወጣ አፌ ተፈታ። እኔ በቅሎ ላይ ነኝ፣ እሱ ከፊት ልጓም ይዟል። ለምን እንደደበቅኩት ነገርኩት፤ መልስ የለም። ይቅር በለኝ አልኩት፤ ዝም። ስለደበቅኩት አኩርፏል ብዬ እኔም ተናደድኩ። ያሰብከውን ተናገር፣ ብታኮርፍ ደግሞ ቤትህ ገብተህ አኩርፍ እያልኩ ግማሽ ቀን ሙሉ ለፈለፍኩበት፤ እናቱን ሳይቀር አነሳሁ። መጨረሻ ላይ ከበቅሎዋ ወርጄ ትከሻውን ያዝኩት። ዞሮ አፌን አፌን አየኝ።

«ከዚያን ቀን ጀምሮ አይሰማኝም፤ ይመለሳል ብዬ ነበር» አለ፣ ከልክ በላይ ጮክ ብሎ።

አልተመለሰም። እዚያው ገደሉ አፋፍ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ ነው ብልሃቱ የታየኝ፤ ፍሬውን ሁሉ ወቅጠን በአንድ ቅል በጥብጠነው ቢሆን፣ እንደ ጠጁ አንዴ መቅመስ ይበቃ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር እስከ ዛሬ እጄን ልነክስ ይዳዳኛል።

ሚያዝያ ላይ ምጥ ያዘኝ። ባገራችን አባት ደጅ ሆኖ እልልታውን ይቆጥራል፤ ወንድ ይሁን ሴት በዚያ ነው የሚያውቀው። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እሱ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ከደስታ ብዛት አለመስማቱን ሁላችንም ረስተነዋል። ጤናዬ ሞተች ወይስ ልጁ ወረደ እያለ ብቻውን ሲጨነቅ ቆየ፤ በኋላ አንዷ ትዝ ብሏት ወጥታ ትከሻውን ነካችው።

ገብቶ ልጅቱን ታቀፋት። አፏን ከፍታ ቤቱን ታናጋዋለች። መዳፉን ደረቷ ላይ አኑሮ ቆየና «ድምፅዋ የማንን ይመስላል?» አለኝ። ወደ ራሴ ጠቆምኩ።

«እንግዲያስ እግዜር ጆሮዬን የደፈነው አስቀድሞ አውቆልኝ ነው» ብሎ ሳቀ።

ሴቶቹም ሳቁ። እኔ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ።