ሦስተኛው ጥሪ

የተኛ ሰው አንገት የቆረጠ እጅ የቁርባኑን ጽዋ ቢያቀብላችሁ ትጠጣላችሁ? "እኛ? በጭራሽ!" ለማለት አትቸኩሉ። እኛም እንደናንተ ጨዋ ሰዎች ነበርን፤ ልንጠጣ አንድ እሁድ ነበር የቀረን።

እኔ ኤቨርት ነኝ። ከባሕር ማዶ መጥተን በሠፈርንባት በወንዙ ዳር መንደራችን የልጆች አስተማሪ ነኝ፤ እሁድ እሁድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ አነባለሁ። ጽዋውን የሚያድል የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሲመረጥ በሦስት እሁዶች ስሙን ጠርቼ "ተቃውሞ ያለው አለ?" ብዬ የምጠይቀውም እኔ ነኝ። በዚያ መከር የተመረጠው የእህቴ የአልትየ ባል ቴውኒስ ነበር። በመጀመሪያው እሁድ ጠራሁት፤ ሁሉም ዝም አለ። በሁለተኛውም እንዲሁ። እኔም ዝም አልኩ፤ ያየሁትን እያወቅሁ!

የሰውየውን ድካም አልክድም። ከሆላንድ ረግረግ ወጥቶ ብራዚል ውስጥ አሥር ዓመት ወታደር ሆኖ ሁለት ጣቱን እዚያ ቀብሮ መጣ። እዚህ ሲደርስ አንድ መጥረቢያ ብቻ ነበረው። ወገብ የሚያህለውን ጉቶ በእሳትና በበሬ እየነቀለ፣ ክረምቱን ጉድጓድ ውስጥ እያደረ፣ ጫካውን የስንዴ ማሳ አደረገው። ይህ እውነት ነው። ግን ጉቶ መንቀል ሰውን ጻድቅ አያደርገውም።

በበቆሎ መከር ስምንት የአገሩን ተወላጆች ቀጥረን በእኔ ጎተራ በቆሎ ይሸለቅቁልን ነበር። ከመካከላቸው አንዱን ሳቂታው እንለው ነበር፤ እውነተኛ ስሙን ማንም ጠይቆት አያውቅም። እኩለ ቀን ላይ አንድ ማሰሮ አረቄ ቀዳሁላቸው። ለተወላጅ አረቄ መስጠት ክልክል ነው፤ ሁላችንም እናውቃለን፣ ሁላችንም እንሰጣለን። ጠጡ፣ ዘፈኑ። ሳቂታው ጠመንጃውን ወደ ሰማይ ተኮሰና በራሱ ተኩስ ደንግጦ እስኪወድቅ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ገለባው ላይ ተኙ።

ቴውኒስ ተኩሱን ሰምቶ አራት ሰዎች አስከትሎ ከማሳው እየሮጠ መጣ።

"ምንም የለም! ሰክረው ነው፤ ተኝተዋል!" አልኩት።

"ጥሩ" አለ። "የተኛ አይጮህም።"

"ሰውዬ፣ ሠራተኞቼ ናቸው!"

"ብራዚል ውስጥ ተኩስ ሰምቶ የተከራከረ ሁሉ አፈር በልቶታል። ዞር በል።"

በማጭዱ ጀመረ፤ ሌሎቹ በመጥረቢያ ተከተሉት። ሁለቱ ሳይነቁ ሞቱ። ሦስተኛው ሊነሳ ሲል ጣቶቹ ረገፉ፤ እሱም ወዲያው ሞተ። ሳቂታው ዓይኑን ገልጦ እኔን አየኝ፤ የምቀልድበት መስሎት ፈገግ ሲል ማጭዱ ጉሮሮው ላይ አረፈ። በቆሎው ቀላ። አራቱ በጓሮ አመለጡ። ማሰሮው እስከ መጨረሻው እጄ ላይ ነበር።

ቴውኒስ ለመንደሩ "ሊያርዱን ሲመጡ ቀደምናቸው" አለ። ተከትለውት የመጡት አራት ሰዎች ምለው መሰከሩ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም እንዳልጠየቅ ደጄን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

ከግድያው በኋላ በሁለተኛው ሳምንት የሟቾቹ ወገኖች መጡ። ጎተራዎቹ ነደዱ፤ ጎረቤቴ ቮልፈርት ደጃፉ ላይ ራሱን ተፈልጦ ወደቀ። አንድ ፍላጻ ጭኔ ውስጥ ገብቶ ሲጥለኝ በጥርሱ ነክሶ የነቀለልኝ፣ እየጎተተም ወደ መንደሩ የግንድ አጥር ውስጥ ያስገባኝ ቴውኒስ ነው። ነፍሴን አትርፏል። ይህንንም አልክድም፤ ያናድደኛል እንጂ። ሦስት ሴቶች ተማርከው ተወሰዱ። አንዷ አልትየ ናት።

ከሁለተኛው እሁድ ማግስት አንዲት አሮጊት ከእነሱ ዘንድ ብቻዋን ወደ አጥሩ በር መጣች። ቋንቋቸውን ስለማውቅ የተረጎምኩት እኔ ነኝ፤ ሌሎቹ ራቅ ብለው ስለቆሙ የሰማኝ ቴውኒስ ብቻ ነው።

"ሴቶቹን እንመልሳለን" አለች። "ጨርቅ አንፈልግም፣ ባሩድም አንፈልግም። ማጭድ የያዘው ሰው በሕዝቡ ፊት 'ተኝተው ሳሉ ገደልኳቸው' ይበል። የተገደሉትን ልጆች እናቶች ይዤ እመጣለሁ፤ በጆሯቸው ይስሙት። እስከ እሁድ እንጠብቃለን።"

ቴውኒስ ወደ ሰዎቹ ዞሮ "ባሩድ ስጡን ነው የምትለው" አለ። በሚቀጥለው ሰኞ እንዲዘመት ተወሰነ። ሲዘመት ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን፤ ባለፈው ዓመት የታችኛው መንደር ሰዎች ዘምተው ያገኙት የምርኮኞቻቸውን ሬሳ ነው።

ቅዳሜ ልለምነው ሄድኩ። አሳማ እያረደ ነበር።

"አማቼ! ነገ ስሜን ስትጠራ ጠንከር በል፤ ባለፈው የታመመ ፍየል መስለህ ነበር" አለኝ።

"አልትየ በሕይወት አለች፣ ቴውኒስ።"

"ለዚህ አይደል የምዘምተው?"

"ስትዘምት ይገድሏታል! የጠየቁህ አንድ ቃል ነው።"

ቢላዋውን ከአሳማው ጉሮሮ መዘዘ። "ዛሬ 'ገደልኳቸው' ካልኩ ነገ 'መሬቱስ የማን ነው?' ይሉኛል። በጥፍሬ ያቀናሁትን!"

"እሷስ?"

"የወታደር ሚስት ናት።" አንገትጌዬን ጨምድዶ ያዘኝ፤ በደም የተነከረው ቢላዋ አገጬ ሥር ደረሰ። "ደግሞስ አረቄውን ማን ቀዳ፣ መምህር? ነገ የራስህን ቀድመህ ንገራቸዋ!" ከት ብሎ ሳቀ። እንደማልችል እርግጠኛ ነበር። ላለፉት ሳምንታት ልክ ነበር።

እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞላ፤ ወንዶቹ ጠመንጃቸውን በጉልበታቸው መካከል ይዘዋል። ስሙን ጠራሁ። "ተቃውሞ ያለው አለ?" አልኩ።

"እኔ አለኝ" አልኩ።

ሁሉንም ተናገርኩ፤ ከአረቄው ጀምሬ። "ክልክሉን የጣስኩት እኔ ነኝ። እነሱ ሲታረዱ ማሰሮ ታቅፌ የቆምኩት እኔ ነኝ። አሮጊቷ የጠየቀችውም ባሩድ አይደለም!" አንዱ "አውርዱት!" ብሎ ጮኸ፤ አንዲት ሴት "ተዉት፣ ይጨርስ!" አለች። ቴውኒስ መቀመጫዎቹን እየገፈተረ መጥቶ በጠመንጃ ሰደፍ አፌን መታኝ። ሁለት ጥርሶቼ መጽሐፉ ላይ ወደቁ።

ሰደፉን ደግሞ ሲያነሳ የበሩ ዘበኛ እያለከለከ ገባ።

"አሮጊቷ መጥታለች! ከአጥሩ በር ፊት ለፊት፣ ከጫካው ጫፍ ሴቶች ቆመዋል። የእኛዎቹም አሉ፤ አልትየን አይቻታለሁ!"

ሰደፉን ያነሳው እጁ አየር ላይ ቀረ። አንዳቸው እንኳ ከመቀመጫው አልተነሳም። ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። ደሜን በእጅጌዬ ጠርጌ፣ ደጅ የቆሙትም እንዲሰሙ በቀረኝ ድምፅ ሁሉ ጮኽኩ፦

"ቴውኒስ! እኔ የቀዳሁትን ተናግሬያለሁ። ሚስትህ ደጅ ናት፤ እናቶቹም ደጅ ናቸው። ማጭዱን የያዘው ማን ነበር? ወጥተህ በእነሱም በእኛም ፊት መልስ!"