የታስያ ጓንት

ግላፊራ ሻይዋን አልነካችውም። እንዴት ትንካው! መጽሔት ላይ ስማቸውን ባየች ቁጥር ልቧ ድው የሚልላቸው ሰዎች በካፒቶሊና ማርኮቭና ሳሎን ክብ ሠርተው ተቀምጠው፣ እንደማንም ሰው ሎሚ ይጨምቃሉ፣ ይናፈጣሉ። ፒተርስበርግ በዚያ ክረምት የገጣሚ ማኅበር ሞልቷት ነበር፤ በየማክሰኞው እዚህ የሚሰበሰቡት “ማክሰኞች” ግን ለብቻቸው ናቸው። ከእነሱ በፊት የነበሩት ገጣሚዎች ኮከብና ዘላለም ከአፋቸው አይጠፋም ነበር። ማክሰኞች ደግሞ በእጅ የሚዳሰስ ነገር አምጡ ባዮች ናቸው።

ሕጋቸውም ጉድ ነው። አዲስ መጪ ግጥሙን ራሱ አያነብም፤ ድምፁ ጉድለቱን እንዳይሸፍንለት ሌላ ሰው ያነብለታል። አንድ ሰው ከተቃወመ በቃ፣ ማኅበሩ ውስጥ መግባት የለም።

የአዲስ መጪዋ የግላፊራ ወረቀት ዚኖቪ ልቮቪች እጅ ገባ። ስንቱን ገጣሚ አስለቅሰው የሸኙ ሽማግሌ ናቸው። ግጥሙ ባለፈው መጋቢት በሳንባ ነቀርሳ ስለሞተችው ታናሽ እህቷ ስለ ታስያ ነው፤ ከበረዶ ገብታ ምድጃ ላይ ስላሰጣችው ጓንት። እስከ መጨረሻው አነበቡና መነጽራቸውን አውልቀው እርሳስ አነሱ።

“‘የሚያጠልቀው የለም’ ያልሽው ስንኝ አንጀቴን በላኝ” አሏት። “ከዚያ ወዲያ ያሉት አራት ስንኞች ግን መልአክ፣ ሰማይ፣ ‘ታስያዬ፣ ታስያዬ’... ይውጡ። ካልወጡ እቃወማለሁ።”

የግላፊራ ደም ፈላ። “ስሟ ያለው እዚያ ብቻ ነው። መቃብሯ ላይ የጻፍነውን ዝናብ አጥቦታል።”

“እንግዲያው ያለ እነሱ ላንብብልሽ። እህትሽን ካጣሻት እመልሳቸዋለሁ፣ አልቃወምሽምም። ዓይንሽን ጨፍኚ።”

ጨፈነች። በዚያ ጎርናና የሽማግሌ ድምፅ ውስጥ ታስያ በሩን በእግሯ ገፍታ ገባች። ደረቅ ሳል ሳለች። ጓንቷን አውልቃ ምድጃው ላይ ጣል አደረገችው፤ እርጥቡ ሱፍ ሸተተ። የግላፊራ ሰውነት ውርር አለው። ጻፊዋ ራሷ ናት፣ እንዲህ ያለ ነገር ከእጇ መውጣቱን ግን አታውቅም ነበር። ቤተ መቅደስ ውስጥ ብቻዋን የቆመች መሰላትና ፈራች። ከዚያ ሽማግሌው “የሚያጠልቀው የለም” ሲሉ ታስያ ከዓይኗ ጠፋች።

ዓይኗን ገለጠች። ሁሉም ሻይ ማማሰላቸውን ትተው ያዩዋታል።

“እህስ፣ አለች?” አሉ ዚኖቪ ልቮቪች ቀስ ብለው።

እርሳሱን ከእጃቸው ወሰደችና አራቱን ስንኞች፣ የታስያን ስም ጭምር፣ ሰረዘቻቸው። ከዚያም ከበላያቸው ያለውን “የሚያጠልቀው የለም” የሚለውንም ሰረዘችው። አሁን ግጥሙ የሚያበቃው ምድጃ ላይ በተሰጣው እርጥብ ጓንት ነው።

ሽማግሌው ወረቀቱን አዩት። ከዚያ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁላት።

“አንቺ ልጅ፣ ያንን ስንኝ እኮ ወድጄው ነበር።”

“እኔም” አለች ግላፊራ፣ እንባዋ እየወረደ። “ግን እሱ ላይ ሲደርሱ ነው የሞተችብኝ።”